ከሥራ ስትቀነሱ የሚገባችሁ ገንዘብ፦ ስሌቱ ደረጃ በደረጃ

ድርጅት ሥራ ሲቀንስ ሠራተኛው ብዙ ጊዜ የሚነገረው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። «ይህን ያህል ብር ይደርስሃል፤ እዚህ ጋ ፈርም» ይባላል። ሰው በዚያ ሰዓት ሐሳቡ የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ ስለሆነ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ይፈርምና ይወጣል። ከወራት በኋላ ከሌላ ሰው ጋር ሲያወራ ነው የጎደለውን የሚያውቀው። ያኔ ደግሞ ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ከሥራ የተቀነሰ ሰው የሚያገኘው አንድ ክፍያ አይደለም። የስንብት ክፍያ አለ። በቅነሳ ምክንያት የሚጨመር የ60 ቀን ክፍያ አለ። የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ አለ። ያልተወሰደ ዓመት ፈቃድም አለ። እያንዳንዱ የራሱ ስሌት አለው። ሁሉም ተደምረው አንድ ቁጥር ሲሆኑ የትኛው እንደተረሳ ማየት ያስቸግራል። ከአሠሪው መጠየቅ ያለባችሁ ድምሩን ሳይሆን ዝርዝሩን ነው።

ከዚህ በታች ያለው ስሌት የተመሠረተው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ ነው። አዋጁ ሁሉንም ተቀጣሪ አይሸፍንም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው። በድርጅት ውስጥ «የሥራ መሪ» የሚባሉት፣ ማለትም ፖሊሲ የሚያወጡ፣ ሠራተኛ የሚቀጥሩና የሚያሰናብቱ ኃላፊዎችም ከአዋጁ ውጪ ናቸው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። «አስተባባሪ» ወይም «ሱፐርቫይዘር» የሚል የሥራ መደብ ስም ብቻውን ሰውን የሥራ መሪ አያደርገውም። የሚታየው በተግባር ያለው ሥልጣን ነው።

መጀመሪያ ደብዳቤውን አንብቡ

የሥራ ውል ማቋረጫ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መሆን አለበት። ውሉ የሚቋረጥበትን ምክንያትና ከመቼ ጀምሮ እንደሚቋረጥ መግለጽም አለበት። ለሠራተኛው በእጁ ነው የሚሰጠው። ሠራተኛው ካልተገኘ ወይም አልቀበልም ካለ፣ በሥራ ቦታው ግልጽ በሆነ ስፍራ ለ10 ተከታታይ ቀናት ይለጠፋል። በቃል «ከነገ ጀምሮ አትምጡ» የሚባለው ይህን አያሟላም።

በደብዳቤው ላይ ከሁሉ የሚበልጠው የምክንያቱ መስመር ነው። የሚከፈላችሁን የሚወስነው እሱ ነው። «የድርጅቱ ምርት ተፈላጊነት በመቀነሱ»፣ «ሥራው በከፊል በመቆሙ»፣ «አዲስ ቴክኖሎጂ በመግባቱ» የሚሉት ሁሉ ከድርጅቱ ሁኔታ የሚመነጩ ናቸው። እናንተ ያጠፋችሁት ነገር የለም ማለት ነው። «በዲሲፕሊን ጉድለት» የሚል ከሆነ ግን ነገሩ ፍጹም ሌላ ነው፤ በሕጋዊ መንገድ በጥፋት የተሰናበተ ሰው በዚያ ምክንያት የስንብት ክፍያ አያገኝም። «በራስዎ ፈቃድ» የሚል ከሆነም ቆም በሉ። ድርጅቱ ቀንሷችሁ እያለ የመልቀቂያ ማመልከቻ እንድትጽፉ ከተጠየቃችሁ አትጻፉ። «ለሥራ ልምድህ ጥሩ ነው፣ ተቀነሰ ከሚባል ለቀቀ ቢባል ይሻላል» የሚል ምክር በቅንነት ሊመጣ ይችላል። ገንዘቡ ላይ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሰው የስንብት ክፍያ ለመጠየቅ ቢያንስ 5 ዓመት ማገልገል አለበት፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታም ሊኖርበት አይገባም። የ60 ቀኑ ጭማሪ ደግሞ ጨርሶ አይመለከተውም።

ቀጥሎ፣ ነገሩ በሕግ «የሠራተኛ ቅነሳ» መሆኑን አጣሩ

ሁለት ሰው ስለተሰናበተ ብቻ በአዋጁ አነጋገር ቅነሳ ተደረገ አይባልም። አንቀጽ 29 ቁጥር አስቀምጧል። ከሥራ የሚሰናበቱት ከድርጅቱ ሠራተኞች ቢያንስ 10 በመቶ መሆን አለባቸው። የሠራተኛው ቁጥር ከ20 እስከ 50 በሆነበት ድርጅት ደግሞ ቢያንስ 5 ሰው። ይህም ከ10 ተከታታይ ቀናት ላላነሰ ጊዜ የሚካሄድ ነው። «የድርጅቱ ሠራተኞች ቁጥር» የሚባለው ከቅነሳው በፊት በነበሩት 12 ወራት የነበረው አማካይ ነው እንጂ የዚያን ቀን ቆጠራ አይደለም።

አማካይ 120 ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ 12 ሰው ከቀነሰ መስፈርቱን አሟልቷል። 30 ሠራተኛ ያለው ድርጅት ከሆነ 5 ሰው ይበቃል። ይህን መቁጠር ለምን አስፈለገ? ከታች የምናየው የ60 ቀን ተጨማሪ ክፍያ የተያያዘው ከዚህ አንቀጽ ጋር ስለሆነ ነው። ከእናንተ ጋር ስንት ሰው ደብዳቤ እንደደረሰው፣ በየትኛው ቀን እንደደረሰው ጻፉ። የሥራ ባልደረቦቻችሁ ከመበታተናቸው በፊት ስልክ ተለዋወጡ።

በቅነሳ ጊዜ ማን ይቅር ማን ይሂድ የሚለውም በአሠሪው ደስታ ብቻ የሚወሰን አይደለም። አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካይ ጋር መመካከር አለበት። የሥራ ችሎታ ያላቸውና የተሻለ ምርት የሚያስገኙት ቅድሚያ አግኝተው ይቆያሉ። ችሎታና ምርታማነት እኩል ሲሆን ቅነሳው ቀድሞ የሚነካው አጭር አገልግሎት ያለውን፣ ከዚያ አነስተኛ ቁጥር ያለው ጥገኛ ያለውን ነው። አካል ጉዳተኞች፣ በዚያው ድርጅት በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸው፣ የሠራተኛ ተወካዮችና ነፍሰ ጡሮች መጨረሻ ላይ ከሚነኩት ናቸው።

ለግንባታ ሠራተኞች አንድ ማስታወሻ። የግንባታ ሥራ እየተጠናቀቀ ሲሄድ በተለመደው ሁኔታ የሚደረግ የሰው ቅነሳ ይህን የቅደም ተከተል ሥርዓት አይከተልም። የተቀጠራችሁበት ሥራ ሳያልቅ ከተቀነሳችሁ ግን ይከተላል።

የአገልግሎት ዘመናችሁን ቁጠሩ

ቀላል ይመስላል፤ ስህተት የሚበዛው ግን እዚህ ነው። የቅጥር ደብዳቤው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የስንብት ደብዳቤው በአውሮፓ አቆጣጠር የሚጻፍበት ድርጅት ብዙ ነው። ሁለቱን ሳያስታርቁ መቀነስ ዓመታትን ይበላል ወይም ይጨምራል። ሁለቱንም ቀን ወደ አንድ አቆጣጠር አምጡና ከዚያ ቀንሱ።

የመጀመሪያ ቀን የሚባለው ሥራ የጀመራችሁበት ቀን ነው፤ የሙከራ ጊዜ ያለቀበት ቀን አይደለም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም። ሠራተኛው ከሙከራው በኋላ ሥራውን ከቀጠለ ውሉ ከሙከራው መጀመሪያ አንሥቶ እንደተደረገ ይቆጠራል። የመጨረሻ ቀን ደግሞ ውሉ የሚቋረጥበት ቀን ነው። የማስጠንቀቂያውን ሁለት ወር እየሠራችሁ ከጨረሳችሁ እነዚያ ወራትም አገልግሎት ናቸው። የወሊድ ፈቃድና የዓመት ፈቃድ ላይ የነበራችሁበት ጊዜም አይቀነስም።

ድርጅቱ ተሸጦ፣ ተዋህዶ ወይም ተከፍሎ ከሆነስ? የባለቤትነት መተላለፍ የሥራ ውልን አያቋርጥም። «በአዲሱ ባለቤት ሥር ገና ሁለት ዓመታችሁ ነው» የሚለው መልስ ስለዚህ አይሠራም። በየዓመቱ ውል እየታደሰላችሁ ለዓመታት ከሠራችሁም እንዲሁ ዝም አትበሉ። በመርሕ ደረጃ የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ነው የሚገመተው። የተወሰነ ጊዜ ውል የሚፈቀደው አዋጁ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው። ቀጣይነት ያለውን ሥራ በየ11 ወሩ ቆርጦ መቀጠል ከነዚያ ውስጥ የለም።

ለምሳሌያችን አንዲት የመጋዘን ሠራተኛ እንውሰድ። መስከረም 1 ቀን 2010 ሥራ ጀመረች። ውሏ የተቋረጠው የካቲት 30 ቀን 2017 ነው። ከመስከረም 2010 እስከ ጳጉሜን 2016 ድረስ 7 ሙሉ ዓመት ነው። ከመስከረም እስከ የካቲት 30 ደግሞ 6 ወር። ድምሩ 7 ዓመት ከ6 ወር፣ ወይም 7.5 ዓመት።

የቀን ደመወዛችሁን አውጡ

ሕጉ መሠረት የሚያደርገው በመጨረሻው የሥራ ሳምንት የነበረውን አማካይ የቀን ደመወዝ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የነበረውን አይደለም። የቅጥር ውሉ ላይ የተጻፈውንም አይደለም። ባለፈው ወር ደመወዝ ከተጨመረላችሁ የሚሠራው አዲሱ ነው።

«ደመወዝ» የሚለው ቃል በአዋጁ ጠባብ ትርጉም አለው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የትራንስፖርትና የውሎ አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን፣ ከደንበኛ የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያ በውስጡ አይገቡም። በአንጻሩ ደግሞ ስሌቱ ግብርና ጡረታ ከተቆረጠ በኋላ ባለው የተጣራ ደመወዝ ላይ አይሠራም። ያልተቆረጠው ሙሉው መሠረታዊ ደመወዝ ነው የሚያዘው።

የመጋዘን ሠራተኛዋ የመጨረሻ ፔሮል ይህን ይመስላል እንበል። መሠረታዊ ደመወዝ 12,000 ብር። የትራንስፖርት አበል 1,500 ብር። ትርፍ ሰዓት 2,000 ብር። ጠቅላላ 15,500 ብር። ለስሌት የሚያዘው 12,000 ብቻ ነው። በወር ለሚከፈለው ሰው የተለመደው አሠራር የወሩን ደመወዝ ለ30 ማካፈል ነው። 12,000 ለ30 ሲካፈል 400 ብር። ይህ የቀን ደመወዟ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ድርጅቶች የደመወዝ ጭማሪን በመሠረታዊ ደመወዝ ሳይሆን በአበል ስም የሚሰጡት ሲበዛ ችግሩ የሚወጣው በዚህ ቀን ነው። እጅ ላይ የሚደርሰው ወር በወር አንድ ዓይነት ነው። ስንብት ሲመጣ ግን አበሉ ከስሌቱ ይወጣል። ሥራ ላይ እያላችሁ ስለ ጭማሪ ስትደራደሩ ይህን አስቡት።

የስንብት ክፍያውን አስሉ

ስሌቱ አንቀጽ 40 ላይ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የቀን ደመወዝ በ30 ይባዛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ገንዘብ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሰው እንደ አገልግሎቱ መጠን ይታሰባል። ከአንድ ዓመት በላይ ባለው አገልግሎት ላይ የሚተርፉትንም ወራት በተመሳሳይ ማሰብ የተለመደ ነው።

ለመጋዘን ሠራተኛዋ፦

የመጀመሪያው ዓመት፦ 400 × 30 = 12,000 ብር
ቀጣዮቹ 6 ዓመታት፦ 4,000 × 6 = 24,000 ብር
የቀረው 6 ወር፦ 4,000 × 0.5 = 2,000 ብር
የስንብት ክፍያ፦ 38,000 ብር

አንድ አቋራጭ ልንገራችሁ። አገልግሎታችሁ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ፣ የአገልግሎት ዓመታችሁ ላይ 2 ደምሩ፣ ለ3 አካፍሉ፣ በወር ደመወዛችሁ አባዙ። 7.5 ሲደመር 2፣ 9.5 ነው። 9.5 ለ3 ተካፍሎ በ12,000 ሲባዛ 38,000 ይመጣል። ስልክ ላይ ባለው ካልኩሌተር በአንድ ደቂቃ ያልቃል።

ሁለት የተሳሳቱ ስሌቶች በየቦታው ይሰማሉ። አንደኛው ሠራተኛው ውስጥ ያለ ተስፋ ነው፦ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ወር ደመወዝ። በዚያ ቢሆን 90,000 ብር ይሆን ነበር። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ኅብረት ስምምነታችሁ፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው የተፈራረሙት ውል፣ ወይም የድርጅቱ የሥራ ደንብ እንዲህ ካለ ግን ያ ይሠራል። አዋጁ ዝቅተኛውን ወለል ነው ያስቀመጠው፤ ለሠራተኛው የሚበልጠውን መስጠት አይከለክልም። ስለዚህ የኅብረት ስምምነቱን ኮፒ ከማኅበሩ ቢሮ ሳትወስዱ ስሌቱን አትዝጉ።

ሁለተኛው ስህተት የሚመጣው ከከፋዩ በኩል ነው። የወር ደመወዙን ለ3 አካፍሎ በሁሉም ዓመት ማባዛት። 4,000 × 7.5 = 30,000 ብር። ልክ ይመስላል፤ ግን የመጀመሪያው ዓመት ሙሉ የ30 ቀን መሆኑ ተረስቷል። 8,000 ብር ጎድሏል። ይህ ስህተት ለሁሉም ሠራተኛ፣ አንድ ዓመት ለሠራውም ሆነ ሃያ ዓመት ለሠራው፣ ምንጊዜም የሚያጎድለው የወር ደመወዙን ሁለት ሦስተኛ ነው። ልዩነቱ ልክ ይህን ያህል ከሆነ ስህተቱ የት እንዳለ ወዲያውኑ ታውቃላችሁ።

ጣሪያም አለ። የስንብት ክፍያ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ይህ ጣሪያ የሚነካው 34 ዓመት ላገለገለ ሰው ስለሆነ ብዙዎቻችሁን አያሳስብም።

የ60 ቀኑን አትርሱ

ከሁሉም በላይ የሚዘለለው ክፍል ይህ ነው። ውሉ የተቋረጠው በአንቀጽ 29 መሠረት በተደረገ የሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ፣ ወይም ድርጅቱ በመክሰር ወይም በሌላ ምክንያት ለዘለቄታው በመዘጋቱ ከሆነ፣ ከላይ ባሰላነው ላይ የቀን ደመወዝ በ60 ተባዝቶ ይጨመራል። የአገልግሎት ዘመን አይመርጥም። ሁለት ዓመት የሠራም፣ ሃያ ዓመት የሠራም ያገኛል።

ለመጋዘን ሠራተኛዋ 400 × 60 = 24,000 ብር። ከ38,000 ጋር ሲደመር 62,000 ብር ይሆናል።

ይህ ጭማሪ ለአዲስ ሠራተኛ ከዋናው ክፍያ ይበልጣል። በቀን 400 ብር የሚከፈለው፣ ሙከራውን ጨርሶ 10 ወር የሠራ ልጅ እንውሰድ። የአንድ ዓመቱ ሙሉ 12,000 ነው። በ10 ወር ሲታሰብ 10,000 ብር። የ60 ቀኑ ግን ሙሉ 24,000 ብር ነው። በድምሩ 34,000 ብር። «ገና ዓመት አልሞላህም፣ ምንም የለህም» ተብሎ ባዶ እጁን የሚሸኘው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ልጅ ነው። ሙከራ ጊዜውን ከጨረሰ ግን መብቱ አለው።

ቅነሳው የ10 በመቶውን መስፈርት ካላሟላ የ60 ቀኑ ጥያቄ መሠረት ያጣል። መጀመሪያ ላይ ስንት ሰው እንደተቀነሰ ቁጠሩ ያልኩት ለዚህ ነው።

የማስጠንቀቂያ ጊዜ

በተራ ሁኔታ የማስጠንቀቂያው ርዝመት በአገልግሎት ይወሰናል። እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ወር። ከዘጠኝ ዓመት በላይ ሦስት ወር። በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ለሚሰናበት ግን የአገልግሎት ዘመኑ ምንም ይሁን ምን፣ ሙከራውን እስከጨረሰ ድረስ፣ ሁለት ወር ነው። አሥር ወር ለሠራው ልጅ ይህ ይጠቅመዋል። አሥራ አምስት ዓመት ለሠራው ሰው አንድ ወር ያጎድልበታል። ድርጅቱ ጉዳዩን ቅነሳ ብሎ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ከሰጠ የ60 ቀኑን ጭማሪም መክፈል አለበት። የሁለት ወሩን ወስዶ የ60 ቀኑን መተው አይቻልም። አንዱን ሲመርጥ ሌላውም አብሮ ይመጣል።

በማስጠንቀቂያው ጊዜ እየሠራችሁ ከቆያችሁ የሚከፈላችሁ እንደወትሮው ደመወዛችሁ ነው። ተጨማሪ አይደለም። ድርጅቱ ወዲያውኑ ካሰናበታችሁ ግን የሁለቱን ወር ደመወዝ ይከፍላል። የመጋዘን ሠራተኛዋ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጣት በዚያው ቀን ተሰናብታ ከሆነ 24,000 ብር ይጨመርላታል። ድምሩ 86,000 ብር ደረሰ።

የቀሩት ሒሳቦች

ያልወሰዳችሁት ዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይከፈላል። ፈቃዱ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ይጨመራል። ሠራተኛዋ በዓመት 19 ቀን ይደርሳታል። የግማሽ ዓመቱ 9.5 ቀን ይሆናል። ፈቃድ የሚቆጠረው በሥራ ቀን ስለሆነ በሳምንት 6 ቀን የምትሠራ ከሆነ የወሩን ደመወዝ ለ26 ማካፈል ነው የሚያስኬደው። ወደ 4,385 ብር ገደማ ይመጣል። የሠራችባቸው ቀናት ደመወዝና ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት ካለም ለየብቻ ይጻፋሉ።

ግብር ይቆረጣል። በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የስንብት ክፍያ ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ውስጥ ይቆጠራል። ስለዚህ እጃችሁ ላይ የሚደርሰው ከላይ ካለው ያንሳል። ግብሩ ስንት እንደሆነና በየትኛው ክፍያ ላይ እንደተቆረጠ በዝርዝሩ ላይ ይታይ። ሌላ ተቆራጭ ካለ፣ ለምሳሌ የብድር ቀሪ ወይም የጠፋ ዕቃ ዋጋ፣ ማስረጃውን ጠይቁ። ከደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ራሳችሁ በጽሑፍ ስትስማሙ ነው።

ፊርማውና ገንዘቡ

ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቁ። ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም። «የሥራ ውሌ በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ከየካቲት 30 ቀን 2017 ጀምሮ ስለተቋረጠ፣ የስንብት ክፍያ፣ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የተመለከተው የ60 ቀን ክፍያ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያና ያልተወሰደ ዓመት ፈቃድ ክፍያ በምን ስሌት እንደተሠሩ በዝርዝር እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ» ማለት ይበቃል። በሁለት ኮፒ አድርጋችሁ አንዱን ገቢ አስደርጉ። የእናንተ ኮፒ ላይ የመዝገብ ቤቱ ቀንና ማኅተም ይኑርበት።

ክፍያው ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንሥቶ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። በእጃችሁ ያለውን የድርጅት ንብረት ሳትመልሱ ከዘገያችሁ ጊዜው ሊራዘም ይችላል። ስለዚህ ክሊራንሱን በፍጥነት ጨርሱ። መታወቂያ፣ ቁልፍ፣ ላፕቶፕ፣ የደንብ ልብስ፣ ሁሉንም በመረካከቢያ ፎርም አስረክቡ፤ ፎርሙንም ያዙ። አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊወስንበት ይችላል።

መጠኑ ላይ ካልተስማማችሁስ? አሠሪው ያመነበትን በጊዜው መክፈል አለበት። ክርክር ያለበት ክፍል ብቻ ነው የሚቆየው። «ወይ ይህን ተቀበል ወይ ምንም የለህም» ማለት አይችልም። ገንዘቡን ስትቀበሉ «ከዚህ በኋላ ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ ከፊርማችሁ አጠገብ «የተቀበልኩት ከሚገባኝ በከፊል ነው፤ በቀሪው ላይ መብቴን ጠብቄ» ብላችሁ ጻፉ። ውሉ የተቋረጠው በስምምነት ነው ተብሎ ቢሆን እንኳ፣ ሠራተኛ በሕግ ያገኘውን መብት የተወበት ስምምነት በሕግ ፊት ውጤት የለውም። ያም ቢሆን በኋላ ከመከራከር አስቀድሞ አለመፈረም ይሻላል።

የሥራ ልምድ ማስረጃም አብራችሁ ውሰዱ። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ሆኖ በነጻ ይሰጣል። ክርክር ቢነሳ አገልግሎታችሁንና ደመወዛችሁን ራሱ አሠሪው በማኅተም ያረጋገጠበት ወረቀት ይሆንላችኋል።

መፍትሔ ካልተገኘ

መጀመሪያ የሠራተኛ ማኅበር ካለ ወደዚያ ሂዱ። በአካባቢያችሁ የሠራተኛ ጉዳይን የሚከታተለው የመንግሥት ቢሮም ያማክራል፣ አሠሪውን ጠርቶም ያነጋግራል። በዚህ ካላለቀ የክፍያ ክሱ የሚቀርበው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ ለዚህ ዓይነት ክስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ችሎቱም ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ መስጠት ይጠበቅበታል፤ በውሳኔው ያልተስማማ ወገን በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይላል። ድርጅቱ ከስሮ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ፤ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው። ንብረቱን ለሚያጣራው አካል ጥያቄያችሁን ሳትዘገዩ በጽሑፍ አቅርቡ።

ሁለት የጊዜ ገደቦች አሉ፤ ሁለቱም አጫጭር ናቸው። ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመነጭ ማንኛውም የክፍያ ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ቅነሳው የውሸት ነው፣ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ተቀጥሯል፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የምትሉ ከሆነ ደግሞ ያላችሁ 3 ወር ብቻ ነው። ውሉ የተቋረጠው ከሕግ ውጪ መሆኑ ከተረጋገጠና ወደ ሥራ ካልተመለሳችሁ፣ ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ ከስንብት ክፍያው በተጨማሪ የ180 ቀን ደመወዝ ካሳና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ያገኛል። «ሰኞ ኑ፣ በሚቀጥለው ወር እንነጋገራለን» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ከእነዚህ ወራት ላይ ነው የሚቀነሰው። አሠሪው ዕዳውን ማመኑን በጽሑፍ ከሰጣችሁ ይርጋው ይቋረጣል፤ የስልክ ተስፋ ግን ለዚህ አይሆንም። ለመጋዘን ሠራተኛችን የክፍያ ክሱ የመጨረሻ ወር ነሐሴ 2017 ነበር ማለት ነው። ነሐሴ ላይ ደግሞ ፍርድ ቤቶች በከፊል ዕረፍት ላይ ስለሚሆኑ ክሷን እስከ ሐምሌ ማስገባቱ ይሻላት ነበር።